ኢንች የማትሞላ ስክሪን፦ ከሰኞ ገበያ ሚዛን የተነሳ ክርክር

ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። ምላሾቹ ሠላሳ ሊሞሉ ጥቂት ሲቀራቸው፣ አዲስ የሚገባው አንባቢ ሁሉ ከላይ መልስ ያገኘውን ጥያቄ እንደገና ማንሳት ስለጀመረ፣ የተባለውን በየቁጥሩ በራሴ አነጋገር እንዳሰፍረው ተጠይቄአለሁ። የማንንም ቃል እንዳለ አልገለብጥም፤ ተሳስቼ የተረዳሁት ካለ ባለቤቱ ከታች ያርመኝ።

መነሻው ይህ ነበር። ደሴ ፒያሳ አጠገብ ባለች ጠባብ ሱቅ ሬዲዮ፣ ሞባይልና የኤሌክትሮኒክስ ሚዛን እጠግናለሁ። ባለፈው ዓመት በሰኞ ገበያ እህል የሚነግዱ አንድ አዛውንት ደንበኛዬ፣ ክብደቱን ብቻ ሳይሆን የእህሉን ስምና ሒሳቡንም በአማርኛ የሚያሳይ ሚዛን እንድሠራላቸው አዘዙኝ። መጀመሪያ የገጠምኩት ሁላችንም የምናውቀውን፣ በሁለት መስመር ዐሥራ ስድስት ዐሥራ ስድስት ፊደል የሚያሳየውን አረንጓዴ ስክሪን ነበር። ያ ስክሪን የላቲን ፊደል ከፋብሪካው ተሞልቶለት ይመጣል፤ ሠሪው በራሱ ቅርጽ ሊሞላው የሚችለው ግን ስምንት ቦታ ብቻ ነው፤ ለእያንዳንዱም የተሰጠው 5 በ8 ነጥብ ነው። «ስንዴ»፣ «ገብስ» እና «ማሽላ» ብዬ ስጽፍ ስምንቱ ቦታ ሞላ። ጤፍ ውጭ ቀረ። ጤፍ የማይጽፍ ሚዛን ለሰኞ ገበያ ምን ይረባል?

ቀጥዬ 0.96 ኢንች የሆነች፣ 128 በ64 ነጥብ ያላት፣ ነጥቦቿ ራሳቸው የሚያበሩ የኦሌድ ስክሪን አስመጣሁ። ሱቅ ውስጥ ስትበራ ፊደሏ እንደ ማኅተም ጥርት ያለ ነበር። ሰኞ ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ሜዳ ስትወጣ ግን ጨለመች፤ ባለ ሚዛኑ አባትም ቁጥሩን ለማየት ጋቢያቸውን ዘርግተው ማጥላት ያዙ። ሚዛን በጋቢ ተከልሎ ሲነበብ ገዢ ምን እንደሚጠረጥር ለገበያ ሰው አይነገርም።

በዚያው ሰሞን የእህቴ ልጅ በኤሌክትሪካል ምህንድስና ተመርቆ መጣና ያጠራቀማትን ገንዘብ ዓይን ላይ በሚደረጉ ስክሪኖች ሥራ ላይ ላውላት ብሎ አማከረኝ። ስለዚህ በጽሑፌ ሁለት ነገር ደፍሬ ተናገርኩ። አንደኛው፣ በዐሥር ዓመት ውስጥ የስልክ ስክሪን ከመዳፍ ወጥቶ በመነጽር ላይ ይቀመጣል የሚል ነበር። ሁለተኛው ደግሞ ማይክሮ ሌድ የተባለው፣ እያንዳንዱ ነጥቡ ራሱን የቻለ ደቃቅ መብራት የሆነው ስክሪን፣ ኦሌድንም ኤልሲዲንም (የፈሳሽ ክሪስታል ስክሪንንም) ከገበያ ያስወጣል የሚል ነበር። ቀጥዬም ልጁ ገንዘቡን ያውጣ ወይስ ይያዝ ብዬ ጠየቅሁ።

1ኛውን ምላሽ የሰጡት በኮምቦልቻ የኤሌክትሮኒክስ መምህር የሆኑ ሰው ናቸው። ሰላምታቸውን አስቀድመው፣ ሥራዬንም አመስግነው፣ ነገር ግን ሁለት የተለያዩ ዕቃዎችን ማይክሮ ዲስፕሌይ በሚል አንድ ስም መጥራቴን በትህትና አረሙኝ። እርሳቸው እንዳስረዱት፣ ሚዛኑ ላይ ያለችው በዓይን በቀጥታ የምትታይ ትንሽ ስክሪን ናት እንጂ ማይክሮ ዲስፕሌይ አይደለችም። ማይክሮ ዲስፕሌይ የሚባለው ብዙውን ጊዜ ከኢንች የማይበልጥ፣ በቀጥታ ቢመለከቱት ምንም የማይነበብበት፣ በሌንስ ጎልቶ ወይም ግድግዳ ላይ ተጥሎ የሚታይ ነው። አብዛኛው የሚሠራውም በመስታወት ላይ ሳይሆን በሲሊከን ቺፕ ላይ ነው፤ እያንዳንዱን ነጥብ የሚያዝዘው የኤሌክትሪክ ዑደት እዚያው ከነጥቡ ሥር ተቀርጾ ይገኛል። የሁለቱ ገበያ፣ ዋጋና ዕድል ስለማይገናኝ ጥያቄዬን ለሁለት እንድከፍለው መከሩኝ። እርማታቸው ትክክል ነው፤ ለራሴ ጥብቅና እንድቆም ከተፈቀደልኝ ግን ዕቃውን የሚልኩልን ነጋዴዎችም ሁለቱን በአንድ ስም ነው የሚሸጡት።

2ኛው ከአንድ የቀድሞ የሠርግ ቪዲዮ ቀራጭ የመጣ ሲሆን፣ ዓይን ላይ የሚደረግ ስክሪን አዲስ ነገር አለመሆኑን የሚያሳይ ነበር። በትከሻ ላይ ይያዝ የነበረው የቪኤችኤስ ካሜራ በዓይን ማያው ቱቦ ውስጥ አውራ ጣት የምታህል፣ እንደ ጥንቱ ቴሌቪዥን በኤሌክትሮን ጨረር የምትሠራ ጥቁርና ነጭ ስክሪን ነበረችበት። እርሳቸው በሸዋ በር በተደረገ አንድ ሠርግ የሙሽራዋን ቀሚስ ቀኑን ሙሉ በዚያች ስክሪን ግራጫ ሆኖ እያዩ ቀርጸው፣ ማታ ካሴቱን በባለ ቀለም ቴሌቪዥን ሲከፍቱት ቀሚሱ ሰማያዊ ሆኖ ጠበቃቸው። የነጭ ቀለም ማስተካከያው ከጠዋት ጀምሮ ተሳስቶ ነበር፤ ስክሪኗ ቀለም ስለማታውቅ ሊያውቁ አልቻሉም። የሙሽራዋ እናት እስከ ዛሬ ሰላም አይሏቸውም።

3ኛው ጸሐፊ በዩኒቨርሲቲ ክፍል ውስጥ የሚያስተምር ወጣት ነው። የክፍላቸው ፕሮጀክተር በግድግዳው ላይ የማይጠፉ ነጫጭ ነጠብጣቦች እያሳየ ተማሪዎቹ ከዋክብት ብለው ስም እንዳወጡላቸው ነገረን፤ ምን እንደሆኑም ጠየቀ። ጠያቂው ራሱ አላወቀም እንጂ እርሱ የሚያየውም ማይክሮ ዲስፕሌይ ነበር።

መምህሩ በ4ኛው ተመልሰው ይህን አብራሩ። የዚያ ዓይነት ፕሮጀክተር ልብ እ.ኤ.አ. በ1987 የቴክሳስ ኢንስትሩመንትስ ባልደረባ ላሪ ሆርንቤክ የፈጠረው፣ በአንዲት ቺፕ ላይ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ ደቃቅ መስታወቶች የተደረደሩበት መሣሪያ ነው። ምስሉ 1024 በ768 ከሆነ መስታወቶቹ 786,432 ናቸው፤ እያንዳንዳቸውም በሰከንድ ውስጥ በሺዎች ለሚቆጠር ጊዜ ወደ አንዱ ወይም ወደ ሌላው ጎን እያዘነበሉ ብርሃኑን ወደ ሌንሱ ይልካሉ ወይም ያስቀራሉ። አንዱ መስታወት ብርሃን በሚልክበት ጎኑ ላይ ተጣብቆ ከቀረ ግድግዳው ላይ ነጭ ነጥብ ሆኖ ይኖራል። መፍትሔው ቺፑን መለወጥ ብቻ ነው፤ መምታት አይጠቅምም። ይህን የመጨረሻውን የጨመሩት ወጣቱ ፕሮጀክተሩን በመዳፍ እንደሚመቱት ስለተናገረ ነው።

በዚያው ምላሽ ሌሎቹንም ወገኖች ዘርዝረዋል። ኤልኮስ የሚባለው በመስታወትነት በተወለወለ ሲሊከን ላይ ፈሳሽ ክሪስታል የተነጠፈበት ነው፤ ብርሃኑ ከውጭ ይመጣና ተንጸባርቆ ይመለሳል። ማይክሮ ኦሌድ ደግሞ ራሱ የሚያበራ ሲሆን፣ መሠረቱ በኮዳክ ኩባንያ የነበሩት ቺንግ ታንግና ስቲቨን ቫን ስላይክ በዚያው በ1987 ያሳተሙት ሥራ ነው። ማይክሮ ሌድ ከሁሉም ኋላ የመጣ ነው። እኔ ግን የኋለኛው ሁሉ የፊተኛውን ያጠፋል ብዬ የተነሳሁት በችኮላ እንደነበር የተሰማኝ እዚህ ላይ ነው፤ በአንድ ዓመት የተወለዱት ባለ መስታወቱም ኦሌዱም ዛሬ ገበያ ላይ ናቸውና።

እስከዚህ ድረስ ሁሉም በጨዋነት ሄደ። 5ኛው ግን ሞባይል ከሚያስመጣ ነጋዴ የመጣና ኮምጠጥ ያለ ነበር። መነጽሩ ሁልጊዜ ለከርሞ የሚባልለት ዕቃ መሆኑን አስታውሶ፣ ጎግል መነጽሩን እ.ኤ.አ. በ2013 ለሞካሪዎች በ1,500 ዶላር አቅርቦ በ2015 መጀመሪያ ለሕዝብ መሸጡን እንዳቆመ፣ የማይክሮሶፍቱ ሆሎሌንስ ሁለተኛ ትውልድም በ2024 ምርቱ እንደተቋረጠ፣ የአፕሉ ቪዥን ፕሮ ደግሞ በየካቲት 2024 በ3,499 ዶላር ለገበያ እንደቀረበ ዘረዘረ። ብሩ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ በገበያ ዋጋ እንዲተመን ከተደረገ በኋላ፣ ዶላሩን በ120 ብር እንኳ ብናስበው ይህ 420 ሺህ ብር ገደማ ነው፤ በዚህ ገንዘብ ደሴ ውስጥ ሱቅ ይከፈታል እንጂ መነጽር አይገዛም አለ። የእህቴን ልጅም ሥራ ፈት ብሎ መጥራቱን አልወደድኩለትም፤ ኋላ በ7ኛው ምላሽ ይቅርታ ጠይቋል።

6ኛው ጸሐፊ ለምን ውድ እንደሆነ በቁጥር ለማሳየት ሞከረ። በቪዥን ፕሮ ውስጥ ያሉት ሁለት የማይክሮ ኦሌድ ስክሪኖች በድምሩ 23 ሚሊዮን ነጥብ አላቸው፤ የነጥቦቹ ርቀት 7.5 ማይክሮ ሜትር ነው። የሰው ጸጉር ውፍረት በአማካይ 70 ማይክሮ ሜትር ያህል ስለሆነ፣ በአንዲት ጸጉር አግድም ዐሥር ያህል ነጥብ ይደረደራል ማለት ነው። ይህ ሁሉ ለቅንጦት አይደለም። ጤናማ ዓይን በአንድ ዲግሪ ውስጥ 60 ያህል ነጥቦችን ለይቶ ማየት ስለሚችል፣ 100 ዲግሪ የሚሸፍን ምስል ነጥቦቹ ተለይተው ሳይታዩ እንዲታይ በአግድም ብቻ 6,000 ነጥብ ይፈልጋል። ስክሪኗ ትንሽ የሆነችው ዓይን ጋ ስለቀረበች ነው፤ ዓይን ጋ በመቅረቧ ደግሞ ከግድግዳ ቴሌቪዥን የበለጠ ጥራት ይጠበቅባታል።

በ7ኛው ነጋዴው ይቅርታውን ካስቀደመ በኋላ አቋሙን አልለቀቀም፤ 8ኛው ደግሞ አዲስ ነገር ይዞ መጣ። ይህ ሰው ሜታ በ2025 መጸው ያወጣውን በ799 ዶላር የሚሸጥ መነጽር ጠቅሶ፣ ስክሪኑ በአንድ ዓይን ብቻ የሚታይ፣ 600 በ600 ነጥብ ያለው መሆኑንና የተሠራውም በአዲሱ ማይክሮ ሌድ ሳይሆን በአሮጌው ኤልኮስ መሆኑን አመለከተ። ትልቁን ምስል ትተው መልእክትና የመንገድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳይ ትንሽ መስኮት በመምረጣቸው ዋጋው ከቪዥን ፕሮ አንጻር ከአራት እጅ ወደ አንድ ወርዷል። በኔ ግምት ከሁሉም ምላሾች ስለ ገበያው ብዙ የተናገረው ይህ ነው፤ የሚያሳዝነው ሁለት ሰው ብቻ ነው ያስተዋለው።

ቀጥሎ ያሉት አራቱ የማይክሮ ሌድ ጠብ ናቸው። 9ኛው ጸሐፊ፣ የኔን ሁለተኛ አባባል ሊያፈርስ ቆርጦ የተነሳ የቀድሞ የፋብሪካ ኤሌክትሪሻን፣ እንዲህ አሰላ። 3840 በ2160 ነጥብ ያለው ስክሪን ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ መብራት ለየነጥቡ ሲያስፈልገው 24,883,200 ደቃቅ መብራት ይሆናል። እነዚህን ከተሠሩበት ገበታ አንስቶ በቦታቸው ማስቀመጥ ግድ ነው። ከዐሥር ሺህ አንዱ ብቻ ቢበላሽ እንኳ ወደ 2,488 የሞተ ነጥብ ያለው ስክሪን ይወጣል፤ ይህን ማን ይገዛዋል? በዚህም ላይ ኤኤምኤስ ኦስራም የተባለው የኦስትሪያ ኩባንያ በየካቲት 2024 ዋና የማይክሮ ሌድ ፕሮጀክቱ በደንበኛው እንደተሰረዘበት ማስታወቁን ጨመረበት።

10ኛው ቁጣ የተቀላቀለበት እርማት ነበር። ጸሐፊዋ በውጭ አገር በዚሁ ሙያ የምትሠራ የደሴ ልጅ መሆኗን ገልጻ፣ መብራቶችን እያነሱ መትከል የእጅ ሰዓትና የቴሌቪዥን ስክሪን ችግር እንጂ የማይክሮ ዲስፕሌይ ችግር አለመሆኑን፣ ሁለቱን ለይቶ የማያውቅ ሰውም የማባዣ ሠንጠረዥ ይዞ ባይነሳ እንደሚሻል ጻፈች። ለመነጽር የሚሠራው ማይክሮ ሌድ የመብራቱ ንጣፍ በሙሉ ከሲሊከኑ ዑደት ጋር በአንድ ጊዜ ተጋጥሞ ከዚያ በኋላ ነው በነጥብ የሚከፋፈለው፤ የሚነሳና የሚተከል ነገር የለም። የዚህ ዋጋው ግን ብዙውን ጊዜ ስክሪኑ አንድ ቀለም ብቻ ያለው መሆኑ ነው፤ ለባለ ቀለም ምስል ሦስት ስክሪኖች በፕሪዝም ይጣመራሉ። የቃሏን ሹል ብተወውም ነገሩን እንደ እርሷ ያስረዳ አልነበረም።

ኤሌክትሪሻኑ በ11ኛው ስህተቱን አምኖ፣ ታዲያ ይህ ሁሉ ልፋት ለምን አስፈለገ፣ ኦሌዱ አይበቃም ወይ ብሎ ጠየቀ። በ12ኛው ስትመልስለት ድምጿ ለዝቦ ነበር፤ አብሽር ብላ ነው የጀመረችው። ምክንያቱ ብርሃን ነው። ኒት የብርሃን ድምቀት መለኪያ ነው፤ በካሬ ሜትር አንድ ካንዴላ ማለት ነው። በቀትር ፀሐይ መሬት የሚደርሰው ብርሃን 100,000 ሉክስ ያህል ሲሆን፣ ነጭ ወረቀት በዚህ ፀሐይ ሥር ወደ 30,000 ኒት ያበራል። ግልጽ መነጽር ምስሉን ወደ ዓይን የሚያደርሰው በቀጭን መስታወት ውስጥ ብርሃኑን እያንጸባረቀ በማስተላለፍ ነው፤ በዚህ መንገድ ላይ ከገባው ብርሃን ዓይን ጋ የሚደርሰው አንዳንዴ ከመቶ አንድ እጅ ያህል ብቻ ነው። ጥቂት ሺህ ኒት ያለው ኦሌድ በዚህ ሲያልፍ በአሥሮች የሚቆጠር ኒት ይቀረዋል፤ ሜዳ ላይ ጠፋ ማለት ነው። ማይክሮ ሌድ ሚሊዮን ኒት ስለሚሰጥ ከመቶ አንዱም ቢተርፍ 10,000 ነው። ቀይ ቀለሙ ግን ገና አስቸጋሪ ነው፤ መብራቱ ሲያንስ ከስፋቱ ይልቅ ጠርዙ ስለሚበዛና ኤሌክትሪኩ በጠርዙ ላይ ብርሃን ሳይሆን ሙቀት እየሆነ ስለሚባክን፣ ቀዩ ከአረንጓዴውና ከሰማያዊው የበለጠ ይደክማል። ቪዥን ፕሮን የመሰለ ዓይንን ሙሉ በሙሉ የሚከልል መሣሪያ ግን ፀሐይ ስለማይገባበት ኦሌድ ይበቃዋል። እኔ ሁለተኛ አባባሌን ሙሉ በሙሉ የሰረዝኩት ይህን ካነበብኩ በኋላ ነው፤ አንዱ ሌላውን አያስወጣም፣ የሚሠሩበት ቦታ ይለያያል። የሰኞ ገበያው ጋቢ እና የካሊፎርኒያው መነጽር ችግር አንድ መሆኑም አስገርሞኛል።

13ኛዋ በደሴ በዓይን ሕክምና የምትሠራ ነርስ ናት። ከአርባ ዓመት በላይ የሆነ ሰው ስልኩን እያራቀ ማንበቡን ሁላችንም እናውቃለን፤ እርሷ እንዳለችው የባለ ስክሪኑ መነጽር ሌንስ ምስሉን አንድ ወይም ሁለት ሜትር ርቆ እንዳለ አድርጎ ስለሚያሳይ፣ የማንበቢያ መነጽር የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ያለ እርሱ ሊያነቡበት ይችሉ ይሆናል። በአንጻሩ ምስሉ ቀረበ ሲባል ሁለቱ ዓይኖች ወደ ውስጥ ይዞራሉ፣ የዓይኑ ሌንስ ግን በዚያው በሩቁ ላይ ተተክሎ ይቀራል፤ ይህ አለመጣጣም ራስ ያሳምማል፣ ያቅለሸልሻል። ስለዚህ ቀኑን ሙሉ ይደረጋል የሚለውን ወሬ እንደማትቀበል ጻፈች።

ከ14ኛው እስከ 18ኛው ያሉት ከመስመር የወጡ ናቸው፤ በአጭሩ ላልፋቸው ነበር፣ አንዱ ግን ቁም ነገር አለበት። የፒያሳ የስልክ ስክሪን ዋጋ፣ ኦሪጅናልና ኮፒ እንዴት እንደሚለይ፣ የደሴ ጠጋኝ ይሻላል ወይስ የኮምቦልቻ የሚል ፉክክር ነበር። በመካከሉ በ16ኛው አንድ የባጃጅ ሹፌር ከሀረጎ ቁልቁል ወርዶ ኮምቦልቻ ሲደርስ፣ ከፊቱ የሰቀለው ስልክ በፀሐይ ግሎ ስክሪኑ እንደሚጠቁርና ጥላ ሲያገኝ ተመልሶ እንደሚነጣ፣ ደሴ ላይ ግን ይህ ደርሶበት እንደማያውቅ ጻፈ። መምህሩ በ18ኛው ይህ ብልሽት አይደለም አሉ፦ ፈሳሽ ክሪስታል ብርሃንን የሚያዝዘው ሞለኪውሎቹ በሥርዓት ስለተሰለፉ ነው፤ ሙቀቱ ከወሰን ሲያልፍ ሰልፉ ይፈርሳል፣ ሲቀዘቅዝ ይመለሳል። በሁለቱ ከተሞች መካከል ከ600 ሜትር በላይ የከፍታ ልዩነት መኖሩ በስክሪን ሲታይ ይኸው።

ወደ ፊደል የመለሰን 19ኛው ነው። በጽሕፈትና ኅትመት ሥራ የቆዩ አንድ ሰው፣ 5 በ8 ነጥብ ለላቲን ፊደል እንጂ ለኛ እንደማይበቃ፣ «ጨ» ሦስት እግሯንና የራሷን ምልክቶች ይዛ በዚያ ሳጥን እንደማትገባ፣ በልምዳቸውም ከ12 ነጥብ ያነሰ ከፍታ ላይ ራብዕና ኃምስን መለየት ዕድል መሞከር እንደሚሆን ገለጹ። 20ኛው ሒሳቡን ሠራው፦ 33ቱ ፊደላት በሰባት ሲባዙ 231 ናቸው፤ እያንዳንዱ በ16 በ16 ነጥብ ሲሳል 32 ባይት ይፈጃል፤ ድምሩ 7,392 ባይት ይሆናል፤ ሚዛንን የመሰለ መሣሪያ የምታዝዘው የተለመደችው ትንሽ ኮምፒውተር፣ የአርዱዊኖ ቦርድ፣ ደግሞ ለፕሮግራም 32 ኪሎ ባይት ስላላት ይበቃታል። የሚጠብበው ሌላ ቦታ ነው። የ128 በ64 ስክሪን አንድ ሙሉ ምስል 1,024 ባይት ስለሚይዝ፣ 2,048 ብቻ ከሆነው የቦርዷ የሥራ ማህደር ግማሹን ይወስዳል። በ21ኛው አንድ ጠንቃቃ ሰው እኔንም አረመኝ፦ አረንጓዴው ስክሪን ስምንት ቅርጽ የሚይዘው በአንድ ጊዜ ነው እንጂ፣ እህሉ ሲቀየር ቅርጾቹን እያጠፉ እንደገና መሙላት ስለሚቻል ጤፍን ውጭ ያስቀረሁት እኔ ነኝ እንጂ ስክሪኑ አይደለም። ልክ ነው፤ አፈርኩ።

22ኛው ብሶት ነበር። ጸሐፊው በአካባቢያችን በቀላሉ የሚገኘውን የኤስቲ7920 ቺፕ ያለበትን ስክሪን ገዝቶ፣ በውስጡ 8,192 የቻይና ፊደላት በ16 በ16 ነጥብ ተስለው መጥተው ከግዕዝ ግን አንዲትም ፊደል አለመኖሯን አስተዋለ። የኛ ፊደል እ.ኤ.አ. ከ1999 ጀምሮ በዩኒኮድ፣ ማለትም በዓለም አቀፉ የኮምፒውተር ፊደላት መዝገብ፣ ውስጥ እያለ በቺፕ ውስጥ ግን አለመኖሩ፣ በርሱ አስተያየት፣ የንቀት ሳይሆን የደንበኛ ቁጥር ጉዳይ ነው።

23ኛው ይህን ይዞ ኮምቦልቻ ላይ የስክሪን ፋብሪካ እንክፈት አለ፤ የኢንዱስትሪ ፓርኩ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ከተመረቀ ጀምሮ ልብስ ሰፍቶ መላክ ብቻ እንዴት ይበቃናል በማለት። 24ኛዋ፣ ያችው የውጭ አገሯ ባለሙያ፣ አላዘነችለትም። ዋፈር፣ ማለትም ቺፕ የሚቀረጽበት የሲሊከን ገበታ፣ በሚሠራበት ክፍል ውስጥ አንዲት የአቧራ ቅንጣት ብዙ ነጥብ እንደምትገድል፣ መብራት ለቅጽበት ቢጠፋ በመሠራት ላይ ያለው ሁሉ ወደ ቆሻሻ እንደሚሄድ፣ ትልልቆቹ ኩባንያዎች እንኳ ይህን ሙያ ከመጀመር መግዛትን እንደሚመርጡ ጻፈች፤ ሳምሰንግ ዲስፕሌይ በ2023 ኢማጂን የተባለውን የአሜሪካ ማይክሮ ኦሌድ ሠሪ የገዛው በ218 ሚሊዮን ዶላር ነው። ሰውየው ተቆጥቶ እኛን አትችሉም የሚል ሁሉ ውጭ የተቀመጠ ነው ብሎ መለሰ፤ ነገሩ ወደ ግል ሊሄድ ሲል መምህሩ በ26ኛው ገብተው፣ ስክሪን መሥራትና ስክሪን ላይ መሥራት ሁለት እንደሆኑ አስታወሱ። የጣት ኦክስጅን መለኪያ፣ የካሜራ ዓይን ማያ፣ የቅድመ ክፍያ ቆጣሪ፣ የነዳጅና የእህል ሚዛን ሁሉ አንዳች ትንሽ ስክሪን አላቸው፤ ለነዚህ ፊደል የሚስል፣ ፕሮግራም የሚጽፍና የሚጠግን ሰው ያስፈልጋል። የእህቴ ልጅ ገንዘቡን በመነጽር ሥራ ሳይሆን በዚህ ቢያውለው ይሻላል አሉ። እርሱም አንብቦታል፤ ገንዘቧን ይዟታል፣ ፊደሉን በመሳል ግን እየረዳኝ ነው።

27ኛው ምላሽ ሚዛኑን አዳነው። አንድ አሮጌ ስልክ ሰብሳቢ ኖኪያ 3310 በቀትር ፀሐይ ይበልጥ ይነበብ እንደነበር አስታውሶኝ፣ ፀሐይን የምትታገል ስክሪን ትቼ ፀሐይን የምትጠቀም እንድፈልግ መከረኝ። ራሷ የማታበራ፣ ከኋላዋ አንጸባራቂ ያላት ኤልሲዲ ብርሃኑ በበዛ ቁጥር ትደምቃለች፤ የምትፈጀው ኃይልም እጅግ ጥቂት ነው። ማንበቢያ መሣሪያዎች ላይ ያለው የኤሌክትሮኒክ ወረቀት ደግሞ ኃይል የሚወስደው ጽሑፉ ሲለወጥ ብቻ ቢሆንም፣ ሲለወጥ ስለሚዘገይና ስለሚብለጨለጭ ለዋጋ ሰሌዳ እንጂ ቁጥሩ ለሚዋልል ሚዛን እንደማይሆን አስጠነቀቀ።

28ኛው የኔ ሪፖርት ነው። 128 በ64 ነጥብ ያላትን አንጸባራቂ ኤልሲዲ ገጥሜ ሰኞ ዕለት ይዤ ወጣሁ፤ በስድስት ሰዓት ፀሐይ ሦስት እርምጃ ርቄ አነበብኳት። ባለ ሚዛኑ አባት ግን ቁጥሩ በገዢው በኩልም እንዲታይ ሁለተኛ ስክሪን ከኋላ ይደረግልኝ አሉ፤ ጋቢው ያስከተለው ሐሜት ገና አልለቀቃቸውም። ሁለተኛዋን ካዘዝኩበት ቦታ የመጣችልኝ በመልክ አንድ ሆና በውስጧ ሌላ ቺፕ ያላት ስለነበረች ፕሮግራሙን እንደገና መጻፍ ግድ ሆኖብኛል።

በ29ኛው ያው የኅትመት ሰው የለጠፍኩትን ፎቶ አጉልተው አይተው፣ የመጀመሪያው መስመር «ጠፍ 25 ኪሎ» እንደሚል በትህትና አስታወቁኝ። የ«ጤ» እግር ላይ ያለችው ቀለበት ሁለት ነጥብ ጎድሎባት ነበር። ትናንት ማታ ጨምሬአቸዋለሁ።